ያላየሁትን አልናገርም

ጋሽ ይማም ማረፋቸውን የሰማሁት ስቱዲዮዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ የሰው ሰርግ ቪዲዮ ስቆራርጥ ነው። የደወለችልኝ ኮምቦልቻ የምትኖረው ልጃቸው ፋጡማ ነበረች። “ዘሐራ፣ አባባ ሄደ” አለችኝ። ሙሽሮቹን ኬክ ቆረሳው ላይ እንደቆሙ ትቻቸው ላፕቶፔን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩና ወጣሁ። ቀብሩ ከአስር ሶላት በኋላ ስለነበር የሚባክን ጊዜ አልነበረም።

መጀመሪያ የሄድኩት እዚሁ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ የኔታ ቤት ነው። የኔታ ዓይነ ስውር የቅኔ መምህር ናቸው፤ የጋሽ ይማም የግድግዳ ጎረቤትና የልብ ወዳጅ። እንዴት አድርጌ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ስጨነቅ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መምጣቴን በኮቴዬ አውቀው “እንሂድ” አሉኝ።

ሚኒባሱ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ጀመረ። ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ ክንዴን ያዝ አደረጉና ያ የጋሽ ይማም ቀረጻ አብሮኝ እንዳለ ጠየቁኝ። ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ነገርኳቸው።

“ከፊሽካው በኋላ ያለውም?” አሉ።

ከፊሽካው በኋላ የተቀረጸ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር። ራሴ ቀርጬው፣ ደጋግሜ ከፍቼው፣ አንድም ቀን ፊሽካውን አልፌ አዳምጬ አላውቅም። ቁልቁለቱ አለቀና የኮምቦልቻ ሙቀት በመስኮቱ ገባ።

ጋሽ ይማም ዕድሜያቸውን የፈጁት እዚያችው ኮምቦልቻ፣ በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ውስጥ ነው። ማሽኖቹ በአንድ ላይ ሲጮሁ ሰው የራሱን ድምፅ እንኳ አይሰማም ይሉ ነበር። እዚያ የሚሠራ ሰው ሳይወድ በግድ ሁለት ነገር ይማራል፤ ጥቂት ቃል መምረጥን፣ የመረጠውን ቃል ደግሞ እስከ ጫፉ አጥርቶ ማውጣትን። ጡረታ ሲወጡ ደሴ፣ ወደ እናታቸው ቤት ተመለሱ። ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነበሩ። ከራሳቸው የማትወርድ የሹራብ ኮፍያ ነበረቻቸው፤ ነገር ሲከብዳቸው ወደ ኋላ ገፋ ያደርጓታል። ድምፃቸው ወፍራም አልነበረም፣ እንዲያውም ቀጠን ያለ ነው። ግን አንዴ የሰማቸው ሰው ዘወር ብሎ ሳያያቸው አያልፍም።

ሁላችንንም ያገናኘን ዝናብ ነው። ደሴ ፒያሳ ላይ፣ ከእኔ ስቱዲዮ ጎን የሙሄ ጌም ቤት አለች። ሙሄ ቴሌቪዥኖች ደርድሮ፣ በየሥራቸው የጌም ማሽን አስቀምጦ የሰፈሩን ጎረምሳ በጆይስቲክ ኳስ ያጫውታል። አንድ የክረምት ቀን ሁለቱ ሽማግሌዎች ከገበያ ሲመለሱ ዝናቡ ሙሄ ቤት አስገባቸው። የእኔም ጣሪያ ስለሚያፈስ እዚያው ተጠልዬ ነበር። የኔታ ጩኸቱን ካዳመጡ በኋላ ምን እየተደረገ እንደሆነ ጠየቁ። ጋሽ ይማም ጎረምሶቹ ኳስ እየተጫወቱ ነው አሏቸው። በቤት ውስጥ? በቴሌቪዥን ውስጥ። በምን እግራቸው? በጣታቸው። የኔታ ሳቁና “እስቲ ንገረኝ” አሉ።

ጋሽ ይማም ነገሯቸው። መጀመሪያ ጆሯቸው ሥር ነበር የሚያወሩላቸው። ቀስ በቀስ አጠገባቸው ያለው ሰው ማዳመጥ ጀመረ፣ ቀጥሎ ከኋላ ያለው፣ በመጨረሻ ሙሄ ራሱ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋው። ዝናቡ ካባራ በኋላም ከቤቱ የወጣ ሰው አልነበረም። እኔ ኳስ አልወድም፤ ዛሬም አልወድም። ያን ቀን ግን የሰው ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ እንዳለ ረስቼ ቆሜ ቀረሁ።

አተራረካቸው ከየትም የተቀዳ አልነበረም። የኔታ የኳስ ሜዳ አይተው አያውቁም፤ ደሴን ግን በእግራቸው ያውቋታል። ስለዚህ ሜዳው ደሴ ሆነ። የግራው ጎል ቶሳ ተራራ፣ የቀኙ ጎል አዝዋ ገደል፣ መሃሉ ፒያሳ፣ አንዱ ጥግ ሆጤ፣ ሌላው ጥግ ቧንቧ ውሃ። ኳስ ወደ ጎን ስትሄድ “ማግ” ይላሉ፤ ወደ ፊት ስትሰነጠቅ “ድር”። የሸማኔ ቋንቋ ነው፤ ድር በቁመት የሚዘረጋው፣ ማግ በወርድ የሚመላለሰው ክር። ተከላካይ ሲታለፍ “ድሩ ተበጠሰ” ይላሉ። “ፒያሳ ናት። ማግ ወደ ሆጤ። ቆመ። ዞረ። ድር። ድር። ቶሳ ግርጌ ደረሰች” ሲሉ የኔታ መቋሚያቸውን ጨብጠው ከወንበራቸው ብድግ ቁጭ ይላሉ። ከእረፍት በኋላ ቡድኖቹ ጎል ሲቀያየሩ “የኔታ፣ ተራራውና ገደሉ ቦታ ተለዋወጡ” ይሏቸዋል። የኔታም አንዳንዴ አይቀበሉም። ከቧንቧ ውሃ ሆጤ በአንድ ምት እንዴት ይደረሳል ብለው የሚሟገቱበት ጊዜ ነበር።

በሬዲዮ የሚተላለፈውን እውነተኛ ኳስ ትተው ይህን ለምን እንደመረጡ አንድ ቀን የኔታን ጠየቅኳቸው። በሬዲዮ የሚጫወተውን ሰው የት አገኘዋለሁ አሉኝ። እዚህ ኳሷን የሳታት ሰው አጠገባቸው ተቀምጧል። ሆጤ ባዶ ሆኖ ሳለ ለምን ወደ ገደሉ መታህ ብለው ይጠይቁታል፣ እሱም መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። ጎረምሶቹ ከሽንፈቱ ይልቅ የየኔታን ጥያቄ ይፈሩ ነበር።

ቤቷ ሕግ አወጣች። ጋሽ ይማም ሲተርኩ ማንም ከመቀመጫው አይነሳም። የኔታ ሰውን የሚያውቁት ድምፁ በሚመጣበት አቅጣጫ ስለሆነ፣ አንድ ሰው ከተንቀሳቀሰ ሜዳው ይበተንባቸዋል። ሻይ የፈለገ አስቀድሞ ይጠጣል። ሕጉን የማያውቅ እንግዳ ገብቶ ሲንጎራደድ ጋሽ ይማም ዝም ይላሉ፤ እንግዳው እስኪቀመጥ ኳሷ ራሷ ቆማ የምትጠብቅ ይመስላል።

ሌላኛው ሕግ ደግሞ የራሳቸው ነበር፤ ያላየሁትን አልናገርም። ይህን ሕግ መጀመሪያ የቀመስኩት እኔ ነኝ። ድምፃቸውን ወድጄ አንድ የሰርግ ቪዲዮ ላይ እንዲናገሩልኝ ለመንኳቸው። ደግሰው የበተኑ ሀብታም ሰዎች ነበሩ፣ መሞገስ ነው የሚፈልጉት። ጋሽ ይማም ማይኩን ይዘው ምስሉን ትክ ብለው ካዩ በኋላ “ሙሽራው ላብ በላብ ሆኗል። ሙሽሪት አትስቅም። የሙሽራው አጎት ሦስተኛ ሳህን አነሱ” አሉ። ጋሼ፣ እንደሱ አይባልም አልኳቸው። ታዲያ ለምን አሳየሽኝ አሉኝ። ቪዲዮው በዘፈን ብቻ ተሸፍኖ ወጣ።

የመብራቱ ቀን ግን ከሁሉም ይበልጣል። የኔታ የሚደግፉት ቡድን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ቶሳ ግርጌ ደረሰ። ጋሽ ይማም “እግሩን አነሳ” አሉ፤ መብራት ሄደ። እሳቸውም አፋቸውን ገጠሙ። የኔታ ከዚያስ ብለው ጠየቁ። መብራት እንደሄደ ነገሯቸው። ጎረምሶቹ በምልክት ለመኗቸው፤ ገባች በሏቸው፣ ማን ያውቃል፣ ደስ ይበላቸው። ከለማኞቹ አንዷ እኔ ነበርኩ። ጋሽ ይማም ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ።

“ዓይኔን ያዋስኳቸው እኔ ነኝ” አሉን። “የተበላሸ ዕቃ ለወዳጅ አያውሱም።”

ያቺ ኳስ እስከ ዛሬ አልተመታችም። የኔታ ሳቁ፤ ከዚያ በኋላ ግን በየጊዜው “ያ ሰውዬ እግሩ አልዛለም?” እያሉ ይጠይቁ ነበር። ይህን ሁሉ የማወራው ሰውን ለማሳቅ አይደለም። እንዲህ ያለ እምነት በሁለት ሰዎች መካከል ሊኖር እንደሚችል አላውቅም ነበር። የማይዋሽ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ማንም ሊያውቅበት በማይችልበት ቦታ የማይዋሽ ሰው ግን እሳቸውን ብቻ ነው ያየሁት።

ከዚያ ድምፃቸው ይሻክር ጀመር። ብርድ ነው ተባለ። ዝንጅብሉም ማሩም ጥቁር አዝሙዱም ተሞከረ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ታይተው ሲመለሱ ፋጡማ ነገረችን፤ ጉሮሯቸው ላይ ያለው ነገር በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት፣ ድምፃቸውም አብሮ ይወጣል። ሕይወታቸው ይተርፍ ይሆናል፣ ንግግር ግን አይኖርም። ለየኔታ ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ራሳቸው ጋሽ ይማም ይመስሉኛል። የማውቀው በማግስቱ የኔታ በመቋሚያቸው መንገዱን እየዳሰሱ ስቱዲዮዬ መምጣታቸውን ነው። ብቻቸውን ፒያሳ ድረስ ሲመጡ አይቼ አላውቅም ነበር።

“አንቺ የሰው ሰርግ ቀርጸሽ ታስቀሪያለሽ አይደል?” አሉኝ። “የይማምን ድምፅ አስቀሪልኝ። ሁለት ጊዜ መታወር አልችልም።”

ለሙሄ ስነግረው በስልክ አይቀረጽም ወይ አለ። በስልክ ሞክረን እናውቃለን፤ የሚይዘው የጎረምሳውን ጫጫታ ነው፣ ስክሪኑም ይርገበገባል። እኔ የፈለግኩት የጋሽ ይማም ድምፅ ኮሌታቸው ላይ በሚሰካ ማይክ ጥርት ብሎ፣ ኳሱም ከማሽኑ በቀጥታ ተቀድቶ፣ ሁለቱ አንድ ላይ እንዲቀመጡ ነው። የልጅ ልጆቻቸውም አንድ ቀን ያያሉ ብዬ አሰብኩ። ለዚህ የሚሆን ዕቃ ነበረኝ። ካፕቸር የምንለው የሳሙና ሳጥን የሚያክል ነገር ነው፤ በሰርግ ቀን ካሜራዬን ከላፕቶፕ ጋር የማገናኝበት። የጌም ማሽኑ ኬብል በአንድ በኩል ይገባል፤ በሌላ በኩል ወጥቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ይሄዳል፤ አንድ ቀጭን ገመድ ደግሞ ወደ ላፕቶፑ ይዘልቃል። ቴሌቪዥኑ ላይ የታየው ሁሉ ላፕቶፑ ውስጥ ይቀራል። ሲሸጡልኝ እንደዚያ ነው ያሉኝ።

ጋሽ ይማም ሰኞ ጠዋት ለቀዶ ጥገናው ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ሊሄዱ ስለሆነ፣ እኛ እሁድን ቀጠርን። ኬብሉን ሰካሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ምስሉ ቁልጭ ብሎ መጣ፣ ላፕቶፑ ላይ ግን ጥቁር ነገር ብቻ። ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ኬብል ቀየርኩ፤ ጥቁር። ሙሄ ማሽኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ እሱ የሚያውቀው ጥገና ይሄው ነው። ላብ ሲያጠምቀኝ ያዩት ጋሽ ይማም በዚያ በተሻከረ ድምፃቸው “አብሽሪ” አሉኝ። “ክር ሲጠፋ ማሽን አይመታም። ጫፉን ፈልጊው።”

ጫፉን ስልኬ ላይ ሳነብ አገኘሁት። የጌም ማሽኑ ምስሉ እንዳይቀዳ አስቀድሞ የተቆለፈ ነው፤ ለቴሌቪዥን ያሳያል፣ ከመቅጃው ይደብቃል። ቁልፉ ሴቲንጉ ውስጥ ገብተው የሚያጠፏት አንዲት መስመር ናት። አጠፋኋት። ሜዳው ላፕቶፑ ላይ ቦግ ሲል ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

ያን ጊዜ ጋሽ ይማም እኔ ያላየሁትን ነገር አዩ። ላፕቶፑ ከቴሌቪዥኑ ትንሽ ይዘገያል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የተመታች ኳስ ላፕቶፑ ላይ ገና ልትመታ ነው። ይቺኛዋ ያለፈውን ነው የምታሳየው አሉኝ። ሁለት ኳስ እያዩ አንድ እውነት መናገር እንደማይችሉ ነግረው ወደ ግድግዳ እንዳዞራት አዘዙኝ። በዚያ ቤት እሳቸው ያሉት ይደረጋል። መቅጃውን አስነስቼ የላፕቶፑን ፊት ወደ ግድግዳ አዞርኩት።

ማይኩን ኮሌታቸው ላይ ሳስተካክል ከጠዋት ጀምሮ ሲግል የዋለው ማሽን ድርግም አለ። ሙሄ አልተጨነቀም። ከጎን ጠረጴዛ ሌላ ማሽን አምጥቶ ያንኑ ኬብል ሰካበት። ቴሌቪዥኑ በራ፣ ተጫዋቾቹ ሜዳ ገቡ። ጋሽ ይማም የየኔታን ጉልበት መታ አድርገው “ቢስሚላህ” አሉ። ላፕቶፑን አንዴ አየት ላድርግ ብዬ ነበር፤ ግን ትረካ ከተጀመረ አይነሳም። የሁለተኛው ማሽን ቁልፍ እንዳልተከፈተ ያን ሰዓት ለማንኛችንም አልመጣልንም።

ያን ጨዋታ እንዴት እንደተረኩት ልናገር ብዬ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ድምፃቸው እየተቆራረጠ ስለነበር ቃል ቆጠቡ። “ፒያሳ” ይላሉ፣ ይተነፍሳሉ። “ማግ።” ይተነፍሳሉ። “ድር።” ኳሷ እንኳ እንዳታስቸግራቸው የምትጠነቀቅ ይመስለኝ ነበር። ጆይስቲክ የያዙት ሁለቱ ልጆች ራሳቸው የሚጫወቱትን ጨዋታ ከእሳቸው አፍ ለመስማት ጆሯቸውን አቁመዋል። እኔ ቴሌቪዥኑን ትቼ የኔታን ነበር የማየው። ፊታቸውን ወደ ድምፁ ዘንበል አድርገው፣ እያንዳንዷን ቃል የሚውጡ ይመስሉ ነበር። በመጨረሻ ጋሽ ይማም “ፊሽካ ተነፋ። አለቀ” አሉ። ሁላችንም ተነስተን አቀፍናቸው። ከዚያ ማምሻውን ኮምቦልቻ ፋጡማ ቤት ለማደር ስለሚሄዱ እኔ ሻንጣቸውን ይዤ ባጃጅ ላቆም ወጣሁ፣ ሌላውም ሰው ተከትሎኝ ወጣ።

ፋይሉን የከፈትኩት ሰኞ፣ እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው። ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነበር። ኳስ የለም፣ ሜዳ የለም፣ የጨዋታው ድምፅ እንኳ አልተቀዳም። ያለው የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ነው። ሙሄን ጠርቼ ሳሳየው ማሽኑን የቀየርኩት እኔ ነኝ ብሎ ራሱን ያዘ። ተያይዘን የኔታ ቤት ሄድን፤ በመንገድ ላይ ማን ቀድሞ እንደሚናገር ስንከራከር ደረስን።

እኔ ነገርኳቸው። ድምፁ እንዳለ፣ ምስሉ ግን ጨርሶ ጥቁር እንደሆነ።

“ልጄ፣ እኔ ዘንድ መቼ ነጭ ሆኖ ያውቃል?” አሉኝ። “ክፈችው።”

ሦስታችንም ምንም የማይታይበት ስክሪን ፊት ተቀመጥን። ጋሽ ይማም መተረክ ጀመሩ። ጎሏ ስትገባ፣ ጨዋታውን በዓይኑ ያየው ሙሄ እንደ አዲስ ዘሎ ተነሳ። እኔም ቶሳ ሥር ያለው መረብ ሲነቃነቅ አየሁት ብል አልዋሸሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ምስል ስለቅም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያለ ምስል ግን እንደዚያ ቀን አይቼ አላውቅም። የኔታ ፊሽካው ሲነፋ “በቃ፣ ዝጊው” አሉኝ። ከዚያ በኋላም ሁልጊዜ እዚያ ላይ ያስዘጉኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

ጋሽ ይማም ከወራት በኋላ አንገታቸው ላይ ነጭ ጨርቅ አድርገው ተመለሱ። ሰላምታቸው በእጅ ሆነ። ጌም ቤት ይመጣሉ ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ግን የየኔታን ክንድ ይዘው ገቡና የወትሮው ቦታቸው ተቀመጡ። ሙሄ እንደ ልማዱ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋ፤ ከዚያ የሚተርክ እንደሌለ ትዝ ሲለው መልሶ ሊከፍተው እጁን ሰደደ። ጋሽ ይማም እንዲተወው በእጃቸው ምልክት ሰጡት።

የየኔታን ግራ እጅ አንስተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። የእጁን አውራ ጣት ነካ አደረጉ፣ ቆዩ። ትንሿን ጣት ነካ አደረጉ። ከዚያ መዳፋቸው መሃል ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። የኔታ ግንባራቸውን ቋጥረው ሲያስቡ ቆዩ።

“ቶሳ፣ አዝዋ፣ ፒያሳ” አሉ።

ጨዋታው ተጀመረ፤ የጋሽ ይማም ጣትም መዳፉ ላይ መሄድ ጀመረች። “ማግ” አሉ የኔታ። “ሆጤ ደረሰች። ቀስ በል ይማም፣ አሮጌ እጅ ነው። ዞረ። ድር። ድር።” ዓይናቸው የማያየው ሰው ለምናይ ሰዎች ኳስ ይተርኩልን ጀመር፣ አንዲት ቅብብል ሳይስቱ። ጎል ሲገባ ጋሽ ይማም መዳፉን ቸብ አደረጉት፤ የኔታ “ገባች!” ብለው ጮኹ፤ ያኔ የቤቱን ሕግ ረስተን ሁላችንም ብድግ አልን። ጋሽ ይማም አልተቆጡም። ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ያለ ድምፅ ሳቁ።

እንዲህ ሆነው ክረምቱንም በጋውንም አሳለፉት። ከዚያ በሽታው ተመለሰና ፋጡማ ወደ ኮምቦልቻ ወሰደቻቸው።

ከቀብር መልስ ፋጡማ ግቢ ድንኳን ተተክሏል። ሼሁ ዱዓ ሲያደርጉ የኔታም ከሕዝቡ መሃል መዳፋቸውን ዘርግተው አሚን አሉ። ሰው ሳሳ ሲል ከድንኳኑ ጀርባ ወዳለው ግድግዳ ጥላ እንድወስዳቸው ጠየቁኝ። ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ከፈትኩ፣ የመጨረሻውን ፊሽካ ፈለግኩ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አለፍኩት።

ወንበር ሲጎተት ይሰማል፤ የእኛ ሁካታ ወደ በሩ ይርቃል። ከዚያ የየኔታ ድምፅ፣ ከሩቅ።

“ይማም፣ ይህን ሁሉ ዘመን ዓለሙን ነግረኸኝ ራስህን ዘለልክ። አንተ ምን ትመስላለህ?”

“ራሴን አላይም፣ የኔታ። ያላየሁትን አልናገርም።” ጋሽ ይማም ይተነፍሳሉ፣ ረጅም ትንፋሽ። “ቆዩኝማ። ሙሄ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶታል። ጥቁሩ እንደ መስታወት ሆኗል። ሁለት ሽማግሌ ይታየኛል።”

“እህ።”

“አንዱ ጥምጣሙ ተንጋዷል።” ጨርቅ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። “አሁን ተስተካከለ። አንዱ ቀጭን ነው። ኮሌታው ላይ ሽቦ ተሰክቶበታል። ፈርቷል።”

“ሌላውስ?”

ድምፁ የተቋረጠ መስሎኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

“እሱም ፈርቷል” አሉ። “ግን እጅ ለእጅ ተያይዘዋል።”

ከዚያ ኮቴ መጣ፣ ባጃጁ ደርሷል የሚል የእኔው ድምፅ ተሰማ፣ ቀረጻውም አለቀ። የኔታ መቋሚያቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ። ከድንኳኑ በኩል የሰው ማጉረምረም ይመጣል።

“ስክሪኑ አሁንም እንደ መስታወት ነው?” አሉኝ።

ነው አልኳቸው።

“ማን ይታያል?”

ወደ ጥቁሩ ስክሪን አጎነበስኩ። ሦስት ሰው ይታያል ብላቸው፣ ማን ያውቃል፣ ደስ ይላቸው ነበር።

“እርስዎና እኔ ብቻ ነን፣ የኔታ።”

“ፈርተናል?”

“አልፈራንም። እያለቀስን ነው።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ግራ እጃቸውን ከመቋሚያው አንስተው ክንዴ ላይ አሳረፉ። “በይ እንግዲህ ንገሪኝ” አሉኝ፤ “ለይማም ማን ማን መጥቷል?”

ይዣቸው ወደ ድንኳኑ በር ተመለስኩ። ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬቱን ከሚያየው ከሙሄ ጀመርኩና ያየሁትን ብቻ ነገርኳቸው።